ሮበርት ፕላንትን «ሸሸ» ለምትሉ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ለኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል፤ አንዱማ «በመጨረሻ እውነቱን የሚናገር ተገኘ» ብሎ አክሎበታል። ጽሑፉ ስለ አንጋፋ የሮክ ሙዚቀኞች ነው። በሚሊዮን የተሸጡላቸውን ዘፈኖች ወደ ጎን ትተው፣ በጉርምስናቸው ሲሰሙ ወዳደጉት ብሉዝና ፎክ ስለሚመለሱት። ዋናው ተከሳሽ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የሌድ ዜፕሊን ድምፃዊ የነበረው ሮበርት ፕላንት ነው። ሁለቴ አነበብኩት። ጥሩ ተጽፏል፤ ጸሐፊውም ሙዚቃ የሚወዱ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ግን ዋናው ነገር ላይ ተሳስተዋል፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ፕላንት ወደ ድሮው ሙዚቃ የተመለሰው ድምፁ ስለደከመ ነው ይላሉ። የዜፕሊንን ዘፈኖች መወጣት ሲያቅተው ዝቅ ብሎ የሚዘፈን ነገር ፈለገ፣ ሽንፈቱንም «ወደ ሥሬ ተመለስኩ» በሚል ስም ሸፈነው ነው ነገሩ። ቀጥለው፣ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚመጣው የሚያውቀውን ዘፈን ሊሰማ ስለሆነ ይህ ታዳሚን መካድ ነው ይላሉ። ሦስተኛው ክሳቸው ይህ ሁሉ ናፍቆት እንጂ ፈጠራ አይደለም የሚል ነው። አራተኛው ከበድ ይላል። ብሉዝ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ሆኖ ሳለ አንድ እንግሊዛዊ እንዴት «ሥሬ» ይለዋል? «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት የጠቀሱትም እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻም የሞተውን የባንዱን ድራመር ጆን ቦናምን ጠቅሰው፣ ፕላንት ለጓደኞቹና ለባንዱ ያለበትን አደራ በልቷል ይላሉ።

ወደ ገደለው ልግባ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከድምፁ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የተቀበለው ይሄን ስለሆነ። መቀበሉም አይገርምም። ፕላንት የተወለደው በ1948 ነው። ሰባዎቹ ውስጥ ያለ ሰው በሃያ ሦስት ዓመቱ የጮኸውን ጩኸት እንደ ድሮው ይድገመው ማለት አይቻልም። ዜፕሊኖች በዲሴምበር 2007 ለንደን ላይ ለአንድ ምሽት ተሰባስበው ሲጫወቱም አንዳንዶቹ ዘፈኖች ለድምፁ እንዲመቹ ከጥንቱ ወረድ ተደርገው ነበር። ጸሐፊው ይህን አንስተዋል፤ ልክ ናቸው፣ አልክድም። ድምፅ ያረጃል።

ግን ክሱ ውሃ የሚያነሳው ሰውየው ወደ ድሮው ሙዚቃ የሄደው ድምፁ ከደከመ በኋላ ከሆነ ነው። እስቲ ዓመቶቹን እንቁጠራቸው። ድራመሩ ጆን ቦናም በሴፕቴምበር 1980 ሞተ፣ ዜፕሊንም ተበተነ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1981፣ ፕላንት ሃኒድሪፐርስ የሚል ባንድ አቋቁሞ በትንንሽ ክለቦች እየዞረ የቆዩ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ዘፈኖችን መጫወት ጀመረ። ስንት ዓመቱ ነበር? ሠላሳ ሁለት። ድምፁ እንደ ምላጭ የሚቆርጥበት ዕድሜ ላይ። በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም ስታዲየም በሩን ይከፍትለት ነበር፤ እሱ ግን ላብና ጭስ ያፈነው ክለብ ውስጥ፣ ከእሱ በፊት የነበሩ ሰዎች የዘፈኑትን ይዘፍናል። በ1984 በዚሁ ስም ያወጡት አጭር ሸክላ ላይ ካሉት ዘፈኖች አንዱ አሜሪካ ውስጥ እስከ 3ኛ ደረጃ ወጣ። ገበያው ደራልኝ ብሎ እዚያው ላይ አልተኛም፤ ትቶት ሌላ ነገር ውስጥ ገባ።

በ1999 እንደገና አደረገው። ፕራዮሪ ኦፍ ብራየን የሚባል ባንድ፣ በጎረምሳነቱ አብሮት ይጫወት ከነበረው ጊታሪስት ኬቨን ጋሞንድ ጋር፣ ትንንሽ መድረኮች፣ የሌሎች ሰዎች ዘፈን። በ2010 ባንድ ኦፍ ጆይ፣ በ2019 ደግሞ ሴቪንግ ግሬስ የሚባሉ ባንዶችን ይዞ መጣ። በሠላሳ ሁለቱ፣ በሃምሳው፣ በስልሳ ሁለቱና በሰባው ተመሳሳይ ነገር የሚያደርግ ሰው አመሉ ይሄ ነው ይባላል እንጂ በእርጅና አይሳበብበትም።

ፕላንት ብቻም አይደለም። ኤልቪስ ፕሪስሊን አስቡት። በ1960ዎቹ አብዛኛውን ጊዜውን ፊልም ሲሠራ ጨርሶ፣ በጁን 1968 ለቴሌቪዥን ዝግጅት ጥቁር ቆዳ ለብሶ ትንሽዬ መድረክ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ጊታሪስቱ ስኮቲ ሙርና ድራመሩ ዲ.ጄ. ፎንታና አሉ፤ የጀማሪነቱ ዘመን ባልደረቦቹ። ታዳሚው እጁን ቢዘረጋ ይነካዋል። በ1954 ሜምፊስ ውስጥ ሲጀምር የዘፈናቸውን እየሳቀ፣ እየረሳ፣ እንደገና እየጀመረ ተጫወታቸው። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ድምፁ ከዚያ በላይ ጥሩ የሆነበት ጊዜ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ጸሐፊው ያላሰቡበት ይመስለኛል። ድምፁ የደከመ ታዋቂ ዘፋኝ ቀላል መውጫ አለው፤ ሁላችንም አይተነዋል። ዘፈኑን ወረድ ያደርጋል፣ አጃቢ ድምፃውያን ያበዛል፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ማይኩን ወደ ሕዝቡ ያዞራል። ሕዝቡ ይዘፍንለታል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል። ለ2007ቱ የዜፕሊን ምሽት ከ20 ሚሊዮን በላይ የቲኬት ጥያቄ እንደቀረበ በሰፊው ተዘግቧል። አስቡት፣ ለአንድ ምሽት! ድምፁን መደበቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚያ ሕዝብ ጩኸት የተሻለ መደበቂያ የለም። ፕላንት ግን በ2008 ያን ሁሉ ትቶ፣ ከቫዮሊን ተጫዋቿና ድምፃዊቷ አሊሰን ክራውስ ጋር ለኮንሰርት ጉዞ ወጣ።

ከክራውስ ጋር መዝፈን ደግሞ ዕረፍት አልነበረም። ፕላንት ዕድሜውን ሙሉ ብቻውን የዘፈነ ሰው ነው። አንዱን ስንኝ ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ ያደርገዋል፤ ባንዱ ይከተለዋል። ሁለተኛ ድምፅ ሆኖ መዝፈን ግን ይህን አይፈቅድም። አጠገብህ ያለችው ሴት የት እንደምትተነፍስ፣ የት እንደምታሳርፍ አውቀህ እዚያው ማረፍ አለብህ። እሱ ራሱ በየቃለ መጠይቁ ይህን ከእሷ እንደተማረ ተናግሯል። ያን ጊዜ ወደ ስልሳ ዓመቱ እየተጠጋ ነበር፣ በዓለም ከታወቁት ድምፃውያን አንዱ ነው፣ እና መዝፈን እየተማረ ነበር።

የቀየረኝን ነገር ልንገራችሁ። «ብላክ ዶግ» የሚለውን የዜፕሊን ዘፈን ታውቁታላችሁ። በ1971ዱ ቅጂ ፕላንት ያለ ምንም መሣሪያ፣ ከጣራ በላይ በሆነ ድምፅ አንድ ስንኝ ይለቅና ዝም ይላል። ከዚያ ጊታሩ፣ ቤዙና ድራሙ አንድ ላይ ይወርዱበታል። በ2008ቱ ጉዞ ከክራውስ ጋር የተጫወቱትን ቪዲዮ መጀመሪያ ሳየው ግማሹ ላይ አጠፋሁት። ባንጆ! ዘፈኑን የገደሉት መሰለኝ። ከወራት በኋላ ሌሊት ላይ በጆሮ ማዳመጫ እንደገና ሰማሁት። ባንጆው ቀስ ብሎ፣ እየተጎተተ ይሄዳል። ሁለቱ ተጠጋግተው፣ ሊያንሾካሹኩ ምንም ሳይቀራቸው ይዘፍናሉ። የድሮው ቅጂ ላይ ስንኙን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ጩኸቱን ነበር የምሰማው። እዚህ ግን ቃላቱ አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ ያ የጎረምሳ ፉከራ ቀርቶ የሆነ የሚያስፈራ፣ የተከዘ ነገር ሆኗል። በዚህ ዓይነት ዝግታ ውስጥ ድምፁ ቢሰነጠቅ፣ ትንፋሹ ቢያጥር ወዲያው ይሰማል፤ የሚሸፍንለት የለም። ይሄን መንገድ መሸሻ ነው የሚል ሰው እንዴት እንደሚሸሽ ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል።

ወደ ታዳሚው ጉዳይ ልለፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። ማስታወቂያው ላይ የድሮውን ባንድ ስም በትልቁ ጽፎ፣ ሰውን አዳራሽ ካስገቡ በኋላ ሌላ ነገር መጫወት ማታለል ነው። እንቢታ ሁሉ የተቀደሰ ነው የሚል ሙግትም የለኝም። ጆን ፎገርቲን ውሰዱት። የቀድሞ ባንዱን የክሪደንስን ዘፈኖች የጻፈው እሱ ነው፤ ከድሮው የሪከርድ ካምፓኒው ጋር በነበረው ጠብ ምክንያት ግን ለዓመታት መድረክ ላይ አልጫወትም ብሎ ቆየ። በ1987 መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ አንድ ክለብ ውስጥ ቦብ ዲላንና ጆርጅ ሃሪሰን ባሉበት ገፋፍተውት ተጫወተ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ 4 ደግሞ ዋሽንግተን ላይ ለቬትናም ዘማቾች በተዘጋጀ ኮንሰርት ዘፈናቸው። ወታደሮቹ እነዚያን ዘፈኖች ጦር ሜዳ ላይ ሲሰሙ የከረሙ ናቸው። የዚያ ዓይነት ሰው «የኔን ዘፈን መልስልኝ» ሲል መብቱ ነው። እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

ታዲያ ፕላንት መቼ ነው የከለከለው? የባንዱ ስም «ሴቪንግ ግሬስ» ነው፣ «ሌድ ዜፕሊን» አይልም። ትንንሽ አዳራሾችን መርጦ፣ ብዙም ሳያስተዋውቅ ነው የጀመረው። የዜፕሊን ዘፈኖችም ከመድረኩ ጨርሰው አልቀሩም። ይመጣሉ፣ ሌላ ልብስ ለብሰው ግን። በጣም ከሚሸሸው ዘፈን፣ ከ«ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ጋር እንኳ በ2023 ለበጎ አድራጎት በተዘጋጀ ምሽት ተገናኝቷል፤ ከ2007 ወዲህ ሲዘፍነው ያ የመጀመሪያው ነበር። የካደ ሰው እንዲህ አያደርግም። የሚፈልግበት ሰዓትና ምክንያት ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ።

«ሰው የሚያውቀውን ይፈልጋል» የሚለው ሐሳብ እስከ ጥግ ሲገፋ የት እንደሚያደርስ ደግሞ አይተናል። በ1983 የሮክ ሙዚቀኛው ኒል ያንግ ከሪከርድ ካምፓኒው ጋር ግብግብ ገጠመ። ሮክ ኤንድ ሮል አልበም አምጣ አሉት። እሱም በልጅነቱ የሚሰማውን፣ የ1950ዎቹን ሮካቢሊ ቀድቶ ሰጣቸው። ካምፓኒው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ጠይቆ ከሰሰው። ክሱ ምን ይላል? ያቀረበው ሙዚቃ ኒል ያንግን አይመስልም! ሰውየው ራሱን አይመስልም ተብሎ ተከሰሰ። ጸሐፊው እዚህ ድረስ ይሄዳሉ ብዬ አላስብም፤ ግን የታዳሚ «መብት» ብለው ያነሱት ነገር ከዚህ ክስ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። ሁለቱም ሙዚቀኛው ማን እንደሆነ የሚወስነው ገዢው ነው ይላሉ።

ደግሞስ ታዳሚ አንድ ሰው ነው እንዴ? ከነዚያ ሃያ ሚሊዮን ጥያቄዎች ኋላ ያለው ሰው አለ። ከክራውስ ጋር የተሠራውን አልበም የገዛም አለ፤ ያ አልበም በ2009 ግራሚ ላይ የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሏል። ያም ታዳሚ ነው። እሱም ከፍሏል።

ናፍቆት ነው ለሚለው መልሴ አጭር ነው። አዎ፣ ናፍቆትን የሚሸጡ አሉ፤ ሐሳብ ሲያልቅባቸው የድሮ ዘፈን ሰብስበው ለበዓል ገበያ የሚያወጡ። ጸሐፊው እነሱን ቢወቅሱ አጨበጭብላቸው ነበር። ግን ሴቪንግ ግሬስ ምን እንደሚጫወት ተመልከቱ። የብላይንድ ዊሊ ጆንሰን የ1930 መዝሙር አለ። ሞቢ ግሬፕ የተባለው የአሜሪካ ባንድ ዘፈን አለ፤ ሞቢ ግሬፕ ፕላንት ከዜፕሊን በፊት በአድናቆት ይከተላቸው የነበሩ ልጆች ናቸው። ከነዚህ ጎን ደግሞ ሎው የተባለው ባንድ በ2005 ያወጣው ዘፈን አለ። በ2005 ፕላንት ሃምሳ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። ያንን ናፍቆት ማለት አይቻልም፤ ሰውየው ጆሮው አሁንም ክፍት ነው።

የፒንክ ፍሎይዱ ድራመር ኒክ ሜሰን ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። በ2018፣ በሰባ አራት ዓመቱ፣ አዲስ ባንድ አቋቁሞ ለንደን ውስጥ አነስ ባለ ቦታ መጫወት ጀመረ፤ ከ1973 በፊት የነበሩትን ዘፈኖች ብቻ። ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸውን የፒንክ ፍሎይድ ትልልቅ አልበሞች አይነካም። ከሚጫወቷቸው አንዱ የፒንክ ፍሎይድ የመጀመሪያው መሪ ሲድ ባሬት በ1967 የጻፈውና እስከ 2016 ድረስ በይፋ ታትሞ ያልወጣ ዘፈን ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ የቆየን ዘፈን ማን ይናፍቀዋል? ለአብዛኛው ታዳሚ አዲስ ዘፈን ነው። ባሬት በ2006 አርፏል፤ ዘፈኑ ግን አዳራሽ ውስጥ ገና አሁን መኖር ጀመረ።

ከባዱ ክስ ላይ ደረስን። በእውነት ጸሐፊው ይህን በማንሳታቸው አመሰግናለሁ፤ የሮክ አድናቂዎች ብዙ ጊዜ አድበስብሰን የምናልፈው ነው።

ዜፕሊኖች ከብሉዝ ሰዎች ወስደዋል፤ ብዙ ጊዜም የባለቤቱን ስም ሳይጽፉ። የብሉዝ ዘፈን ደራሲውን የዊሊ ዲክሰንን ስንኞች «ሆል ሎታ ላቭ» ውስጥ ተጠቅመው ስሙን አላሰፈሩም፤ ዲክሰን በ1985 ከሷቸው በ1987 በስምምነት አለቀ። ዘፈኑ ከወጣ አሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህን አልከላከልም፤ የሚከላከል ሰውም አልወድም። ሰውየው ላቡን ጠብ አድርጎ የጻፈው ነው፣ ስሙም ገንዘቡም ይገባው ነበር።

ጸሐፊው የሚስቱት ከዚህ ቀጥሎ ነው። ያ ጥፋት የተፈጸመው ፕላንት ወደ ሥሩ ሲመለስ ነው ወይስ ወደ ፊት ሲሮጥ? ስታዲየሙ ሲሞላ፣ ጊታሩ ሲጮህ ነው የነዲክሰን ስም የተዋጠው። በመመለስ ጊዜ ግን ከየት እንደመጣህ መናገር ግድ ነው፤ ሳትናገር ልትመለስ አትችልም። አንድ ዘፈን ብቻ ወስደን እንከተለው። በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ግድቡን ጥሶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ፤ አብዛኞቹ ጥቁር ገበሬዎችና የጉልበት ሠራተኞች ነበሩ። በ1929 ሜምፊስ ሚኒና ካንሳስ ጆ ማኮይ፣ ያኔ ባልና ሚስት ነበሩ፣ በሁለት ጊታር «ግድቡ ሲሰበር» ብለው ዘፈኑት። በ1971 ዜፕሊን አነሳው። የቦናምን ድራም አንድ አሮጌ ትልቅ ቤት ውስጥ ከደረጃው ሥር አስቀምጠው ማይኮቹን ከፎቁ ላይ አንጠለጠሉ፤ ድምፁ ቤቱን የሚያፈርስ ይመስላል። አስደናቂ ነው፤ ግን ጎርፉን እንጂ ሰዎቹን አትሰማም። ፕላንትና ክራውስ በቅርብ ዓመታት ጉዟቸው ላይ ይህንኑ ዘፈን ሲጫወቱት ቫዮሊን ከፊት መጣ። ተራራ የሚያክለው ድራም ወረድ አለና ቤቱን ጥሎ የሚሄደው ሰው ለቅሶ ተሰማ። ለኔ ይሄኛው ከ1971ዱ ይልቅ ለ1929ኙ ይቀርባል።

ሥር የሚባለውን ነገርም ጸሐፊው ከደም ጋር ብቻ አያያዙት። የብሉዝን ቁስል እንደ ባለቤቶቹ ማንም አያውቀውም፤ ይህን ማክበር ግዴታ ነው። ግን አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሌሊት አልጋው ላይ ሆኖ የሰማው ሙዚቃ ሕይወቱን ከቀየረው፣ ሙዚቀኛ የሆነው በዚያ ከሆነ፣ ሙዚቃው የበቀለው ከዚያ ነው። ባለዕዳ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም። ባለዕዳ ደግሞ ዕዳውን የሚከፍለው ተመልሶ ሄዶ ነው። የእንግሊዝ ባንድ የሆኑት ሮሊንግ ስቶንሶች በ1965 የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲጋብዛቸው ጥቁር አሜሪካዊው የብሉዝ ዘፋኝ ሃውሊን ዉልፍም ይምጣ ብለው ድርቅ አሉ። መጣ፣ ዘፈነ፣ እነሱ እግሩ ሥር ተቀምጠው አዩት። የአገሩ ሰው በቴሌቪዥን ያላየውን ሰው በእንግዶቹ ትከሻ አየው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ እነዚሁ ሰዎች አዲስ ዘፈን ሊቀዱ ስቱዲዮ ገብተው፣ እጃቸውን ለማፍታታት አንድ የብሉዝ ዘፈን ጀመሩና በዚያው ቀጠሉ፤ በሦስት ቀን አሥራ ሁለት የብሉዝ ዘፈኖች ቀድተው ወጡ። በ2016 የታተመው አልበም ላይ አንድም የራሳቸው ዘፈን የለም። ሁሉም ከባለቤቱ ስም ጋር ነው።

ባለቤቶቹም ቢሆኑ አንድ ቦታ ላይ ቆመው አልጠበቁም። የብሉዝ ዘፋኙ ማዲ ዋተርስ በ1958 እንግሊዝ ሲሄድ ተቺዎቹ የእርሻ ዳር ዘፈን በባዶ ጊታር ጠብቀው ነበር፤ እሱ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ መጣና አንዳንዶቹ ጮኸብን ብለው ጻፉ። የሰውየውን ሥር ከሰውየው በላይ እናውቃለን አሉ። እንዲህ ያለ ፍርድ ላይ መቸኮል ጥሩ እንዳልሆነ ጸሐፊውም የሚስማሙ ይመስለኛል።

ደግሞ የፕላንት ሥር ብሉዝ ብቻ አይደለም፤ ይሄ ከጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። በ1970 ዜፕሊን ሦስተኛውን አልበም ሲያወጣ ግማሹ አኩስቲክ፣ ማለትም ያለ ኤሌክትሪክ ጊታር የተጫወቱት ነበር። የባንዱ ጊታሪስት ጂሚ ፔጅና ፕላንት ዌልስ ውስጥ መብራት በሌለው ጎጆ ተቀምጠው ነው ሐሳቡን ያመጡት። ያኔም «ምን ነካቸው?» ያለ ተቺ አልጠፋም። በቀጣዩ ዓመት ፕላንት ከፎክ ድምፃዊቷ ሳንዲ ዴኒ ጋር ዘፈነ፤ በዜፕሊን ቅጂዎች ላይ እንግዳ ሆና የዘፈነች እሷ ብቻ ናት። ዛሬ ከሴቪንግ ግሬስ ድምፃዊት ከሱዚ ዲያን ጋር ቆሞ የብሪታንያ ደሴቶችን ባሕላዊ ዘፈኖች ሲዘፍን ያንን ክር ነው የሚስበው። እነዚያን «የሰው ወርቅ» የሚላቸው ማን ነው?

አደራ በላ የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ጂሚ ፔጅ ባንዱ እንዲቀጥል ይፈልግ ነበር፣ ፕላንት በሴፕቴምበር 2008 እንደማይቀጥል በይፋ ተናገረ። ያ ለፔጅም ለአድናቂውም ያማል፤ ገባኝ። የሞተው ቦናም ግን በዚህ ሙግት ውስጥ ምስክር ተደርጎ የቀረበው ያለ አግባብ ነው። ባንድ ኦፍ ጆይ ማለት ምን እንደሆነ ጸሐፊው አልነገሩንም። ፕላንትና ቦናም ከዜፕሊን በፊት፣ ማንም ሳያውቃቸው አብረው የተጫወቱበት ባንድ ስም ነው። በ1968 ተበተነ። ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ ፕላንት ያንን ስም ለአልበሙም ለባንዱም ሰጠው። ዓለም የሚያስታውሰው የዜፕሊኑን ቦናም ነው፤ ፕላንት የመረጠው ግን ሁለቱ ባዶ ኪሳቸውን በነበሩበት ጊዜ አብረው የተጫወቱበትን ባንድ ስም ነው።

ጽሑፉን ላጋራችሁኝ አምስት ሰዎች የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የሴቪንግ ግሬስን ኮንሰርት መጨረሻ ፈልጋችሁ እዩት። ብዙ ጊዜ የሚዘጉት በአንድ የቆየ የስንብት መዝሙር ነው። መሣሪያዎቹን ያስቀምጡና ተጠጋግተው ይቆማሉ፣ ድምፃቸውን ብቻ ይዘው። ፕላንት ከመሃላቸው አንዱ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የእሱን ድምፅ ከሌሎቹ ለመለየት ሞክሩ። እኔ ሦስቴ ሞክሬ ሁለቴ ተሳስቻለሁ።